ፕሮፎርማው ላይ ያሉት ፊደላት፦ ከአዳማ ሆኖ ዕቃ ለሚያስመጣ የንጽጽር መመሪያ

አዳማ ላይ የውሃ ፓምፕ የሚሸጥ ሰው ገበያ አያጣም። መቂ፣ ቆቃ፣ ወንጂ፤ ሽንኩርትና ቲማቲም በመስኖ የሚያለማው ሁሉ ደንበኛው ነው። እንግዲህ አንዱ ነጋዴ «ከአዲስ አበባ አስመጪ ከምገዛ ራሴ ላስመጣ» ብሎ ተነሣ እንበል። ቻይና ላሉ ሦስት ሻጮች ጻፈ። ሦስት ፕሮፎርማ መጣለት። ፓምፑ አንድ ዓይነት ነው፣ ብዛቱም እኩል፤ አንድ ባለ 20 ጫማ ኮንቴይነር ይሞላል። የመጀመሪያው 17,300 ዶላር ይላል። ሁለተኛው 18,000። ሦስተኛው 20,200። (ቁጥሮቹ ለምሳሌ የተቀመጡ ናቸው። የመርከብ ዋጋ ቶሎ ቶሎ ስለሚለዋወጥ የዛሬ ገበያ አድርጋችሁ አትያዟቸው።)

ዓይን ወዲያው 17,300 ላይ ያርፋል። ግን ከቁጥሩ ጎን ፊደላት አሉ። የመጀመሪያው ኤክስ-ዎርክስ ታይጆ ይላል፣ ሁለተኛው ኤፍኦቢ ኒንግቦ፣ ሦስተኛው ሲኤፍአር ጅቡቲ። አንደኛው ፋብሪካው ደጃፍ ላይ ያለ ዋጋ ነው። ሁለተኛው ኒንግቦ ወደብ መርከብ ላይ የተጫነ ዕቃ ዋጋ ነው። ሦስተኛው እስከ ጅቡቲ የመርከቡ ኪራይ የተከፈለበት ነው። ሦስቱንም አዳማ ሱቃችሁ በር ላይ እስካላደረሳችኋቸው ድረስ የትኛው እንደሚረክስ ማንም ሊነግራችሁ አይችልም።

ፊደላቱ ስለ ሁለት ነገር ነው የሚያወሩት

እነዚህ ፊደላት ኢንኮተርምስ ይባላሉ። መቀመጫውን ፓሪስ ያደረገው ዓለም አቀፉ የንግድ ምክር ቤት ለመጀመሪያ ጊዜ ያወጣቸው በ1936 እ.ኤ.አ. ነው። አሁን የምንሠራበት የ2020 እትም 11 ውሎች አሉት። ሁሉንም መሸምደድ አያስፈልግም። እኛ ዘንድ በየቀኑ የሚያጋጥሙት አራት ወይም አምስት ናቸው።

እያንዳንዱ ውል ሁለት ጥያቄ ይመልሳል። ሻጩ ወጪ የሚችለው እስከ የት ነው? ዕቃው ቢሰበር፣ ቢሰጥም፣ ቢቃጠል ደግሞ ከየት ጀምሮ ኪሳራው የእኔ ነው? በኤክስ-ዎርክስና በኤፍኦቢ ሁለቱም መልስ አንድ ቦታ ላይ ይገጥማል። ሻጩ መክፈል ያቆመበት ቦታ፣ አደጋውም ወደ እናንተ የዞረበት ቦታ ነው። በ«ሲ» የሚጀምሩት ውሎች ላይ ግን ሁለቱ ይለያያሉ። ሲኤፍአር ጅቡቲ ብላችሁ ስትገዙ ሻጩ የመርከቡን ኪራይ እስከ ጅቡቲ ይከፍላል። አደጋው ግን ኒንግቦ ላይ ዕቃው መርከብ ላይ እንደወጣ የእናንተ ሆኗል። መርከቡ መንገድ ላይ አንድ ነገር ቢሆን ሻጩ ጋ ደውላችሁ «ጅቡቲ አደርሳለሁ ብለህ ነበር» ማለት አይሠራም። እሱ የገባው ቃል ኪራዩን ሊከፍል እንጂ ዕቃውን በሰላም ሊያደርስ አይደለም። ብዙ አስመጪ ሲኤፍአርን «ሻጩ ኃላፊነቱን ይወስዳል» ብሎ ነው የሚመርጠው። አይወስድም።

ፊደላቱ የማይነግሯችሁም አለ። ክፍያው እንዴት እንደሚፈጸም፣ የዕቃው ባለቤትነት መቼ እንደሚዞር፣ ጥራቱ ቢጎድል ምን እንደሚደረግ አንዱንም አይነኩም። እነዚህ በሽያጭ ውሉ ላይ ለብቻ ይጻፋሉ። የቦታ ስም የሌለው ውልም ግማሽ ውል ነው። «ኤፍኦቢ» ብቻ ሳይሆን «ኤፍኦቢ ኒንግቦ፣ ኢንኮተርምስ 2020» ተብሎ መጻፍ አለበት። «ኤፍኦቢ ቻይና» የሚል ፕሮፎርማ ከመጣላችሁ መልሱት። ቻይና ስንት ወደብ አላት!

ኤክስ-ዎርክስ፦ ርካሽ የሚመስለው

በዚህ ውል ሻጩ ዕቃውን ፋብሪካው ግቢ አውጥቶ ያስቀምጥላችኋል። በቃ። መኪና ላይ መጫኑ ሳይቀር በውሉ የገዢው ሥራ ነው። ወደ ወደብ ማጓጓዙ፣ የቻይና ጉምሩክ የኤክስፖርት ሥነ ሥርዓት፣ የወደብ ማስጫኛው፣ ሁሉም የእናንተ ነው። አዳማ ተቀምጦ የቻይናን ኤክስፖርት ጉምሩክ ማስጨረስ ማለት እዚያ ወኪል መያዝ ማለት ነው። ሻጩ «ችግር የለም፣ እኛ እንጨርስላችኋለን» ይላል። ኋላ ላይ የተለየ ሂሳብ ይልካል። በዚያን ጊዜ ዕቃው ተሠርቶ ቅድሚያ ክፍያውም ስለተከፈለ ለመከራከር አቅም አይኖራችሁም።

በምሳሌያችን የአገር ውስጥ ማጓጓዣው፣ የኤክስፖርት ሥርዓቱና የወደብ ወጪው 900 ዶላር ቢመጣ 17,300 የነበረው 18,200 ሆነ። ኤፍኦቢውን አለፈው።

ኤክስ-ዎርክስ የሚያዋጣበት ጊዜ አለ። ከአሥር ትንንሽ ሱቆች፣ ለምሳሌ ከዪዉ ገበያ፣ ጥቂት ጥቂት የምትገዙና ዕቃውን ሰብስቦ የሚጭን የታወቀ ወኪል ያላችሁ ከሆነ ይሠራል። ያኔም ቢሆን ኤፍሲኤ የሚባለው ይሻላል። በኤፍሲኤ ሻጩ የኤክስፖርት ሥርዓቱን ጨርሶ እናንተ ለጠቀሳችሁት ወኪል መጋዘን ያስረክባል። እንዲያውም በደንቡ መሠረት ለኮንቴይነር ዕቃ የሚመከረው ኤፍሲኤ ነው። ኮንቴይነር መርከብ ላይ ከመውጣቱ በፊት ተርሚናል ውስጥ ቀናት ስለሚያድር፣ ኤፍኦቢ ለዚያ ጊዜ በደንብ አልተሰፋም። ገበያው ግን ይህን ሁሉ ዓመት ኤፍኦቢ ማለቱን አልተወም፣ ባንኮቻችንም የለመዱት እሱን ነው። እኔም ከዚህ በኋላ ኤፍኦቢ እያልኩ እቀጥላለሁ።

ኤፍኦቢ ወይስ ሲኤፍአር?

ለአዳማ ነጋዴ እውነተኛው ምርጫ ይሄ ነው።

ኤፍኦቢ ስትገዙ መርከቡን የምትመርጡት እናንተ ናችሁ። ይህ ለእኛ አገር አስመጪ ከሌላው የበለጠ ትርጉም አለው፤ ምክንያቱም ጉዞው ጅቡቲ ላይ አያልቅም። መልቲሞዳል በሚባለው አሠራር አንድ አጓጓዥ ዕቃውን ከቻይና ወደብ ተቀብሎ በአንድ ቢል ኦፍ ሌዲንግ (አጓጓዡ ዕቃውን መረከቡን የሚያሳይ የጭነት ሰነድ፤ ባጭሩ ቢል) እስከ ሞጆ ደረቅ ወደብ ያመጣዋል። ይህን ሥራ ለረጅም ጊዜ ለብቻው ይዞት የቆየው የኢትዮጵያ ባሕር ትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ነው። በቅርብ ዓመታት ለግል ድርጅቶችም ፈቃድ መስጠት ተጀምሯል። መልቲሞዳል ላይ ጅቡቲ ያለው ጣጣ፣ ማራገፉ፣ መኪናው ወይም ባቡሩ የአጓጓዡ ራስ ምታት ነው። ጉምሩኩን ሞጆ ላይ ትጨርሳላችሁ። ሞጆ ደግሞ ከአዳማ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጠዋት ሄዳችሁ ጉዳይ ጨርሳችሁ ለምሳ ትመለሳላችሁ። (የጅቡቲው መንገድ በአዋሽ፣ በመተሃራና በወለንጪቲ አድርጎ ስለሚመጣ ኮንቴይነራችሁ አዳማን አልፎ ሞጆ ይገባና እንደገና ወደ አዳማ ይመለሳል። ያናድዳል፤ ግን ሥርዓቱ እንዲያ ነው።)

ሲኤፍአር ጅቡቲ ስትገዙ ግን መርከቡን የሚመርጠው ሻጩ ነው፤ የሚመርጠውም የሚረክስለትን ነው። ቢሉ ጅቡቲ ላይ ያበቃል። ከዚያ ወዲህ ያለው ዩኒሞዳል ይባላል፦ ጅቡቲ ላይ ትራንዚተር (የወደብና የጉምሩክ ጉዳይ አስፈጻሚ) ትይዛላችሁ፣ የወደብ ክፍያ ትከፍላላችሁ፣ ለባዶው ኮንቴይነር መያዣ ታስይዛላችሁ፣ ተሳቢ ትፈልጋላችሁ። ልምድ ያለው ሰው በዚህ መንገድ ፍጥነትም ትርፍም ያገኝበታል። መኪናውን ራሱ ስለሚመርጥ ዕቃው ወደብ ላይ ወረፋ አይጠብቅም። ጅቡቲ ሰው የሌለው ግን ከድጡ ወደ ማጡ ነው።

ወደ ሂሳቡ እንመለስ። የመልቲሞዳል አጓጓዡ ከኒንግቦ እስከ ሞጆ 3,900 ዶላር ጠየቀ እንበል። ከሞጆ አዳማ መኪና 100 ዶላር የሚሆን ብር። ኤፍኦቢው 22,000 ላይ አረፈ። ኤክስ-ዎርክሱ በዚያው መንገድ 22,200። ሲኤፍአሩ ላይ የጅቡቲው ወደብ፣ ትራንዚተሩና ተሳቢው እስከ አዳማ 2,100 ቢፈጅ 22,300። በጣም ርካሽ የመሰለው መሃል ላይ ተቀመጠ። የሦስቱ ልዩነትም መጀመሪያ ከታየው በጣም ጠበበ። ልዩነቱ ይህን ያህል ከጠበበ በዋጋ ብቻ አትወስኑ። ዕቃው ቢዘገይ ማን ነው የሚጠየቀው የሚለው ይመዝናል። እኔ ብሆን ኤፍኦቢው 300 ዶላር ቢበልጥ እንኳ እሱን እመርጣለሁ።

ሲኤፍአር የሚያሸንፍበትም ጊዜ አለ። ትልልቅ ሻጮች በወር ብዙ ኮንቴይነር ስለሚጭኑ ከመርከብ ድርጅቶች የሚያገኙት ዋጋ እኛ ከምናገኘው ሊያንስ ይችላል። የባሕር ኪራይ በሚንርበት ወቅት ደግሞ ሻጩ ዋጋውን ቆርጦ ከሰጣችሁ ጭማሪው የእሱ ዕዳ ነው። ስለዚህ ከአንድ ሻጭ ሁለቱንም ዋጋ ጠይቁ፦ ኤፍኦቢም ሲኤፍአርም። የሁለቱ ልዩነት ሻጩ ለመርከብ ምን ያህል እንዳሰበ ይነግራችኋል። ያንን ከራሳችሁ አጓጓዥ ዋጋ ጋር ታስተያያላችሁ።

ሲኤፍአር ከመረጣችሁ አራት ነገር አስጽፉ። የመርከብ ድርጅቱ ማነው? መንገድ ላይ ዕቃው ወደ ሌላ መርከብ ይገለበጣል ወይስ ቀጥታ ነው? ጅቡቲ ላይ ኮንቴይነሩ ያለ ክፍያ የሚቆይበት ስንት ነፃ ቀን አለ? ቢሉ ላይ «ፍሬት ፕሪፔይድ» (ኪራዩ ተከፍሏል) ይጻፋል ወይ? የመጨረሻው ቀላል ይመስላል። ሻጩ የመርከቡን ከፍሏል በሚባልበት ውል ቢሉ «ፍሬት ኮሌክት» (ኪራዩን ተቀባዩ ይክፈል) ብሎ ከመጣ፣ ኪራዩን ዳግመኛ ካልከፈላችሁ ዕቃውን አታገኙም። የቢሉን ረቂቅ መርከቡ ሳይነሣ በፊት አስልካችሁ እዩት።

ሲአይኤፍ እና መድን

ሲአይኤፍ ማለት ሲኤፍአር ላይ መድን ሲጨመር ነው። እኛ ዘንድ ብዙም አይመከርም። ባንካችሁ ኤልሲ (ሰነዱ ተሟልቶ ሲቀርብ ለሻጩ እከፍላለሁ የሚል የባንክ ዋስትና) ሲከፍት ከአገር ውስጥ መድን ድርጅት የተገዛ የባሕር ጉዞ መድን ይጠይቃችኋል። ሻጩም መድን ከገዛ ሁለት ጊዜ ከፈላችሁ ማለት ነው። በዚያ ላይ ሲአይኤፍ ሻጩን የሚያስገድደው ዝቅተኛውን ሽፋን፣ «ክሎዝ ሲ» የሚባለውን እንዲገዛ ብቻ ነው። እሱ መርከብ ቢሰጥም፣ ቢቃጠል፣ ቢጋጭ ይከፍላል። ዕቃ ቢሰረቅ ወይም ሲወርድ ሲጫን ቢሰበር አይከፍልም። እኛ አገር ዕቃ ይበልጥ የሚጎዳው ደግሞ መርከብ ሰጥሞ ሳይሆን መንገድ ላይ ተሰርቆና ሲራገፍ ተሰብሮ ነው።

ስለዚህ እዚሁ ስትገዙ ሰፊው ሽፋን፣ «ክሎዝ ኤ» ይሁን በሉ። ዋጋው ይጨምራል፣ ያዋጣል። ሽፋኑ ጅቡቲ ላይ እንዳያበቃ፣ እስከ አዳማ መጋዘናችሁ ድረስ መሆኑን ፖሊሲው ላይ በዓይናችሁ እዩ። የመድን መጠኑ በልማድ የዕቃው ዋጋ 110 በመቶ ነው። የጦርነት አደጋ ለብቻው የሚጨመር ነው፤ ከ2023 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ ቀይ ባሕር ላይ መርከቦች መጠቃት ከጀመሩ ወዲህ ይህን መዝለል ድፍረት ነው።

መድን የማይገዛ ሰው የማያስበው አንድ ነገር ልጨምር። ጀነራል አቨሬጅ ይባላል። መርከቡ አደጋ ላይ ወድቆ ለማዳን ወጪ ከወጣ፣ ወጪውን መርከቡ ላይ ዕቃ የጫኑ ሁሉ በየድርሻቸው ይካፈላሉ፤ ዕቃቸው ምንም ባይነካም። በመጋቢት 2021 እ.ኤ.አ. ኤቨር ጊቨን የተባለው ግዙፍ መርከብ ስዊዝ ካናልን ለስድስት ቀን ዘግቶ ሲቆም ባለቤቶቹ ይህንኑ አውጀዋል። መድን ያለው መድን ድርጅቱ ዋስትና ይጽፍለታል። የሌለው ጥሬ ገንዘብ ካላስያዘ ዕቃው አይለቀቅለትም።

ስለ ጉምሩክም አንድ ነጥብ። «ኤፍኦቢ ስገዛ ዋጋው ዝቅ ስለሚል ቀረጡም ይቀንሳል» የሚሉ አሉ። አይቀንስም። ጉምሩክ ቀረጡን የሚያሰላው የዕቃው ዋጋ ላይ የማጓጓዣውንና የመድኑን ወጪ ደምሮ ነው። ከዚያ 15 በመቶው ተጨማሪ እሴት ታክስ ቀረጡ በተጨመረበት ላይ ይመጣል። ደረሰኞቻችሁን ሰብስባችሁ ያዙ፤ የፍሬቱ ሰነድ ከሌለ ግምት ይገባል፣ ግምት ደግሞ ለአስመጪ አያደላም።

«በር ድረስ እናመጣለን» የሚሉት

በኢንኮተርምስ ዲዲፒ ማለት ሻጩ ቀረጥ ሳይቀር ከፍሎ ደጃፋችሁ ያደርሳል ማለት ነው። በወረቀት ላይ ከሁሉም የሚመች ነው። ከጓንጆና ከዱባይ በኪሎ ወይም በኪዩብ ሂሳብ የሚያመጡ የካርጎ ሰዎች የሚሰጡት አገልግሎትም ይህን ይመስላል። አሥር ካርቶን ጫማ ለሚያመጣ ሰው ምቹ መሆኑን አልክድም። ጥያቄው ዲክላራሲዮኑ (ጉምሩክ ላይ ዕቃው የሚመዘገብበት ሰነድ) በማን ስም ነው የሚለው ነው። በእናንተ ቲን ቁጥር ካልሆነ ዕቃውን በሕጋዊ መንገድ ስለማስገባታችሁ ማስረጃ የላችሁም። የከፈላችሁትን ተጨማሪ እሴት ታክስ ማቀናነስም ሆነ ወጪውን በመዝገብ ማሳየት አትችሉም። ዕቃው መንገድ ላይ ቢያዝ ደግሞ የሚቀራችሁ የስልክ ቁጥር ነው። ደረሰኝ ቆርጦ ለሚሸጥ ሰው፣ ለምሳሌ ለኅብረት ሥራ ማኅበራት ፓምፕ ለሚያቀርብ ነጋዴ፣ ይህ መንገድ ጨርሶ አይሆንም።

ሙሉ ኮንቴይነር፣ ድርሻ ወይስ አውሮፕላን

ባለ 20 ጫማ ኮንቴይነር ውስጡ 33 ሜትር ኪዩብ ገደማ ነው። ባለ 40ው 67፣ ከፍ ያለው ባለ 40 ደግሞ 76 አካባቢ። ካርቶን እንደልብ ስለማይገጥም ባለ 20ው ውስጥ በተግባር ከ25 እስከ 28 ይገባል ብላችሁ አስቡ። ባለ 40 ቦታው እጥፍ ነው፤ የሚሸከመው ክብደት ግን እጥፍ አይደለም። ስለዚህ ፓምፕ፣ ሴራሚክ፣ ብረታ ብረት ያለ ከባድ ዕቃ በባለ 20፣ ስፖንጅና ፕላስቲክ ወንበር ያለ ቀላል ዕቃ በባለ 40 ይሄዳል።

ኮንቴይነር የማይሞላ ዕቃ ያለው ከሌሎች ጋር በድርሻ ይጭናል፤ ኤልሲኤል ይሉታል። የሚከፈለው በሜትር ኪዩብ ወይም በቶን ነው፣ ከሁለቱ በሚበልጠው። ዕቃችሁ 4 ሜትር ኪዩብ ሆኖ 6 ቶን ቢመዝን የ6 ትከፍላላችሁ። ብዙ ጊዜ ከ13 እስከ 15 ሜትር ኪዩብ ሲደርስ ሙሉውን ኮንቴይነር መያዝ ይሻላል፤ ባዶ ቦታ ቢተርፍም።

የኤልሲኤል ወጥመዱ መድረሻው ላይ ነው። ቻይና ያለው አሰባሳቢ ኪራዩን እጅግ ዝቅ አድርጎ፣ አንዳንዴም «ነፃ ነው» ብሎ ይጠራል። ዕቃው ሲደርስ የእሱ ወኪል የማራገፊያ፣ የመለያያ፣ የሰነድ፣ የመጋዘን እያለ ያካክሰዋል። በሲኤፍአር የገዛችሁ ከሆነ ወኪሉን የመረጠው ሻጩ ስለሆነ ሌላ ጋ መሄድ አትችሉም። የመድረሻ ክፍያዎቹን ዝርዝር ሳይጫን በፊት በጽሑፍ ጠይቁ። ሌላው ችግር፣ ከእናንተ ጋር በአንድ ኮንቴይነር ያለ ሰው ሰነዱ ከተበላሸ የእናንተም ዕቃ አብሮ ይቆማል።

አውሮፕላን ለመለዋወጫና ለአስቸኳይ ዕቃ ነው። የሚመዘነው ክብደቱም ስፋቱም ነው። ርዝመት በወርድ በከፍታ በሴንቲ ሜትር አባዝታችሁ ለ6,000 ታካፍላላችሁ፤ ከእውነተኛው ኪሎ ከበለጠ በእሱ ትከፍላላችሁ። 60 በ50 በ40 የሆነ ካርቶን 20 ኪሎ ይሆናል፣ ውስጡ 12 ኪሎ ቢኖርም። የኩሪየር ድርጅቶች ብዙውን ጊዜ ለ5,000 ስለሚያካፍሉ ያው ካርቶን እነሱ ዘንድ 24 ኪሎ ነው።

ቀን የሚበላው ገንዘብ

ዲመሬጅና ዲቴንሽን አንድ አይደሉም፤ ሰው ሁለቱንም ዲመሬጅ ይላቸዋል እንጂ። ዲመሬጅ የተጫነው ኮንቴይነር ከነፃ ቀኑ በላይ ወደብ ውስጥ ሲቆም የመርከብ ድርጅቱ የሚያስከፍለው ነው። ዲቴንሽን ኮንቴይነሩ ከወደብ ወጥቶ ባዶው ሳይመለስ ሲቆይ ነው። የወደቡ የመጋዘን ኪራይ ደግሞ ሦስተኛ ነው፣ ለብቻው ይቆጥራል። ሦስቱ በአንድ ቀን አብረው ሊሮጡ ይችላሉ።

ኮንቴይነሩ ከጅቡቲ በረሃውን አቋርጦ አዳማ ደርሶ፣ ተራግፎ፣ ባዶው መመለስ አለበት። ሰባት ነፃ ቀን ሞምባሳ ላለ ነጋዴ ይበቃው ይሆናል፣ ለእኛ አይበቃም። ከዋጋ ላይ 50 ዶላር ለማስቀነስ ከምትከራከሩ ነፃ ቀኑን ወደ 14 ወይም ወደ 21 አስጨምሩ። ይህ የሚጠየቀው ቦታ ሲያዝ ነው። መርከቡ ከተነሣ በኋላ የሚሰማችሁ የለም።

ብዙውን ጊዜ ዕቃ የሚያስቆመው ግን ሰነድ ነው። ኤልሲ ከሆነ ባንኩ ዋናውን ቢል ይጠይቃል። በኢንቮይሱ፣ በፓኪንግ ሊስቱና በቢሉ መካከል ትንሽ ልዩነት ካለ፣ የድርጅታችሁ ስም አንድ ፊደል ቢሳሳት እንኳ፣ ሰነዱ ጉድለት አለበት ተብሎ ይቆማል። ገንዘቡን በቲቲ (በቀጥታ የባንክ ሐዋላ) ለከፈለ ሰው ቴሌክስ ሪሊዝ ይሻለዋል፦ ዋናው ወረቀት በኩሪየር መምጣቱ ቀርቶ የመርከብ ድርጅቱ በመልእክት ዕቃውን እንዲለቅ ያዛል። ግን ሻጩ ይህን የሚያደርገው ሙሉ ገንዘቡ ሲገባለት ነው። ኤልሲ ለመጀመሪያ ጊዜ ከምታውቁት ሻጭ ጋር፣ ቲቲ ከለመዳችሁት ጋር ይሁን። በሲኤዲ፣ ማለትም ሰነዱ ባንክ ሲደርስ በመክፈል፣ የሚስማማ ሻጭ ካገኛችሁ ከኤልሲው በኮሚሽን ይቀላል።

በአሰባሳቢ የጫነ ሰው የሚያገኘው ቢል «ሀውስ ቢል» ይባላል፤ አሰባሳቢው የጻፈው ነው። መርከብ ድርጅቱ የጻፈው «ማስተር ቢል» አሰባሳቢው እጅ ይቀራል። የጅቡቲውን ወኪል ስምና ስልክ ሀውስ ቢሉ ላይ ካላያችሁ ዕቃውን ከማን እንደምትረከቡ አታውቁም።

መቼ ይታዘዝ

ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የዶላር ዋጋ በገበያ ስለሚወሰን፣ ፕሮፎርማ በተቀበላችሁበትና በከፈላችሁበት ቀን መካከል ያለው ጊዜ ራሱ ወጪ ሆኗል። ፍሬቱም በዶላር ነው። ሂሳቡን ስታወጡ ዛሬ ያለውን ምንዛሪ ሳይሆን ትንሽ ከፍ ያለውን ያዙ።

ፓምፕ የሚሸጠው ዝናቡ ካበቃ በኋላ ነው። ጥቅምት ላይ ሱቅ ውስጥ መደርደር አለበት። ወደ ኋላ ቁጠሩ። ፋብሪካው ለማምረት አንድ ወር፣ ባሕሩ ሌላ አንድ ወር ገደማ፣ ከጅቡቲ ሞጆ እና ጉምሩኩ ደግሞ ሳምንታት፣ ባንኩ ኤልሲ እስኪከፍት የራሱ ጊዜ አለው። እንግዲህ ፕሮፎርማው የሚጠየቀው ግንቦት ላይ ነው ማለት ነው። ለበልግ የሚሆን ዕቃ ከሆነ ደግሞ የቻይና ዘመን መለወጫ ከጥር አጋማሽ እስከ የካቲት አጋማሽ ባለው ጊዜ ይውላል። ፋብሪካው ለሳምንታት ይዘጋል፣ ከዚያ በፊት ባሉት ቀናት ሁሉም ለመጫን ስለሚሻማ የመርከብ ቦታ ይጠፋል፣ ኪራዩም ይወጣል። ታኅሣሥ ሳያልቅ ያልተጫነ ዕቃ እስከ መጋቢት እንደማይነሣ ቆጥራችሁ ለደንበኞቻችሁ ቀን ንገሩ።